ዳማ ወይስ ካታን? ለቤታችሁ የሚሆነውን ጨዋታ ስትመርጡ

ዳማን ለመማር አምስት ደቂቃ ይበቃል። ጠጠሩ በሰያፍ ይሄዳል፤ ዘሎ ይበላል፤ የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ይነግሣል። ሕጉ ከዚህ ብዙም አይዘልም። ይሁን እንጂ በካናዳ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ጆናታን ሼፈርና ባልደረቦቹ ይህን ጨዋታ በኮምፒውተር ከሥር እስከ ጫፍ ለመፍታት ከ1989 እስከ 2007 ድረስ 18 ዓመት ፈጅቶባቸዋል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የፈቱት በእንግሊዝና በአሜሪካ ሕግ፣ 8 በ8 ሰሌዳ ላይ የሚጫወቱትን ዓይነት ነው። በዚያ ሰሌዳ ላይ ጠጠሮቹ ሊይዙት የሚችሉት አቀማመጥ ብዛት 5 ተጽፎ ከኋላው 20 ዜሮ የሚደረደርለት ቁጥር ነው። የደረሱበት መልስ ይህ ነው፦ ሁለቱም ሰዎች አንዴም ሳይሳሳቱ ከተጫወቱ እኩል ይወጣሉ።

ይህን ያነሳሁት ጨዋታ ስንመርጥ ሁለት ነገሮችን አደባልቀን ስለምናይ ነው። አንደኛው የሕጉ ብዛት ነው። ሁለተኛው ጨዋታው የሚጠይቀው ሐሳብ ጥልቀት ነው። ብዙ ሰው "ይሄ የድሮ ጨዋታ ቀላል ነው፣ አዲሱ ግን ጭንቅላት ይፈልጋል" ይላል። እውነታው እንደዚያ አይደለም። ዳማ፣ ገበጣና ቼዝ ሕጋቸው አጭር ነው፤ ሐሳባቸው ግን ዕድሜ ልክ አያልቅም። በሌላ በኩል 20 ገጽ መመሪያ ይዞ የሚመጣ ዘመናዊ ጨዋታ አለ። ሕጉን ለመጨረስ አንድ ምሽት ይወስዳል። ከዚያ በኋላ በየተራው የሚቀርብላችሁ ምርጫ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ "ምን ላምጣላችሁ?" ሲላችሁ፣ ወይም ለልጆቹ ስጦታ ልትገዙ ስትሉ፣ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው "ስትራቴጂ" የሚለው ቃል ብዙም አይረዳችሁም። የሚረዳችሁ ጨዋታው ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ነው። እሱን ከዳማ ጀምሬ ካታን እስከሚባለው ዘመናዊ የጀርመን ጨዋታ ድረስ ለማስረዳት ልሞክር።

የድሮዎቹ ጥንካሬ ምን ላይ ነው?

ዳማ፣ ቼዝና ገበጣ ሦስት ነገር ያመሳስላቸዋል። ሁለት ሰው ነው የሚጫወተው። ዕድል የለበትም፤ ዳይስ አይወረወርም፣ ካርታ አይበወዝም። የተደበቀ ነገርም የለም፤ እኔ የማየውን አንተም ታየዋለህ። እነዚህ ሦስቱ ሲደመሩ ጨዋታው ሙሉ በሙሉ በሁለት ሰዎች አእምሮ መካከል ይሆናል። ከተሸነፍኩ ያሸነፍከኝ አንተ ነህ። ሰበብ የለኝም።

ይህ ትልቅ ውበት ነው። ግን ዋጋ አለው። ጎበዙ ሰው ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ያሸንፋል። አጎቱ ጋር ቼዝ የጀመረ ልጅ ለወራት ሊሸነፍ ይችላል። አንዳንዱ ልጅ በዚያ ይበረታል። ብዙው ግን ይተወዋል። እንዲህ ያለ ጨዋታ የሚያምረው አቅማቸው ተቀራራቢ የሆኑ፣ ደግሞም ደጋግመው የሚገናኙ ሁለት ሰዎች ሲያገኝ ነው። የሰፈር ዳማ ተጫዋቾች ለዓመታት አንድ ሰሌዳ ላይ የማይሰለቹት ለዚህ ይመስለኛል። እያንዳንዱ ዙር ከትናንቱ ይቀጥላል። "ትናንት በዚህ በኩል ነው የያዝከኝ፣ ዛሬ አትደግማትም" የሚል ታሪክ አለው።

የአቅም ልዩነቱን ማጥበብም ይቻላል። በቼዝ ጎበዙ ንግሥቱን ከሰሌዳው አንስቶ ይጀምራል። በዳማ ሁለት ወይም ሦስት ጠጠር ቀንሶ ይጀምራል። ጎ በሚባለው የምሥራቅ እስያ ጨዋታ ይህ ከጥንት የተለመደ ነው፤ ደካማው ተጫዋች ከ2 እስከ 9 ጠጠር አስቀድሞ ያስቀምጥና ከዚያ ይጀመራል። እኛ ጋር ብዙ ሰው ይህን እንደ ንቀት ስለሚያየው አይወደውም። እኔ ግን ከልጆች ጋር ለሚጫወት ሁሉ እመክራለሁ። ልጁ የሚያሸንፍበት ዕድል ካለ ያስባል። ከሌለ አያስብም።

ገበጣ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም በጣም ተረስቷል። ሰሌዳ ከሌለ መሬት ላይ ጉድጓድ ይቆፈራል። ጠጠር ወይም የዛፍ ፍሬ ይበቃል። አንድ ጉድጓድ ውስጥ ያለውን አንስቶ በየተራው ባሉት ጉድጓዶች አንድ አንድ እየጣሉ መሄድ ነው። የመጨረሻዋ ጠጠር የምታርፍበት ቦታ ቀጣዩን ይወስናል። ሕፃንም ቢሆን ቆጠራ ከቻለ ይጫወተዋል። ጎበዝ የሆነ ሰው ግን እጁን ከማንሳቱ በፊት ጠጠሮቹ የት የት እንደሚያርፉ በአእምሮው ጨርሷል። ደንቡ ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል። አንዳንዱ ጋር ባለሁለት ረድፍ ነው፣ አንዳንዱ ጋር ባለሦስት ረድፍ። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የገበጣ ዓይነቶች ሰብስቦ ጽፏል። ስለዚህ ሁለት ከተለያየ ቦታ የመጡ ሰዎች ሲቀመጡ መጀመሪያ ደንቡን ይስማሙ። አለበለዚያ ጨዋታው መሀል ላይ ወደ ክርክር ይዞራል።

ሰንጠረዥም እንዲሁ ነው። የአገራችን ሰንጠረዥ አሁን የምናውቀው ቼዝ አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይን የጎበኘው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ እንደሚጫወቱ ጽፏል። የጨዋታው አጀማመር በሌላው ዓለም ቼዝ ውስጥ የሌለ ነው። ወረራ ይባላል። ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ፣ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል። ከዚያ በኋላ በተራ ይሆናል። አስቡት፤ የዛሬ ቼዝ ተጫዋቾች የመክፈቻ እርምጃዎችን ከመጽሐፍ እየሸመደዱ ለዓመታት ይደክማሉ። ወረራ ባለበት ግን ሽምደዳ አይሠራም። በዚያ ላይ ማሸነፍ ብቻ አይበቃም ነበር። በፈረስ ወይም በሰሌዳው ጥግ በሚቆመው ጠጠር ንጉሥን መያዝ ያን ያህል አያስመሰግንም። ዝቅ ባለው ጠጠር መያዝ ግን የጎበዝ ሥራ ነው። ይህን ሳነብ እነዚያ ሰዎች ጨዋታን ምን ያህል በቁም ነገር ይይዙት እንደነበር ይታየኛል። አሁን ሁለት ጓደኛሞች በተራ ቼዝ ሰሌዳ ላይ ወረራን ቢሞክሩ ምንም ገንዘብ አያወጡም፤ አዲስ ጨዋታ ግን ያገኛሉ።

ሉዶና ሞኖፖሊ ሌላ ጉዳይ ናቸው

"የድሮ" ስንል ሁሉንም አንድ ላይ መክተት አይገባም። ሉዶ ከህንዱ ፓቺሲ የወጣ ነው፤ በእንግሊዝ የፈጠራ መብት የተመዘገበለት በ1896 ነው። ሉዶ ላይ የምትወስኑት ነገር ትንሽ ነው። ዳይሱ ይወስንላችኋል። ለመውጣት 6 ያስፈልጋል። በአንድ ውርወራ 6 የመምጣት ዕድሉ ከ6 አንድ ነው። ሦስት ተራ ሙሉ 6 ሳይመጣ የመቅረቱ ዕድል ከመቶ 58 ገደማ ነው። ማለትም ከግማሽ በላይ ሰው ሦስት ተራ ቁጭ ብሎ ያያል።

ይህ ለአዋቂ አሰልቺ ሊሆን ይችላል። ለአምስት ዓመት ልጅ ግን ወርቅ ነው። አያቱን በእውነት ሊያሸንፍ ይችላል። አያቱ አውቀው መሸነፍ የለባቸውም፤ ልጁም ይህን ያውቃል። ተራ መጠበቅ ይማራል፣ መቁጠር ይማራል፣ ቤቱ ሊገባ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ተበልቶ መመለስን ይማራል። እኔ ሉዶን የምከለክል ሰው አይደለሁም። ልጆቹ አሥር ዓመት ሲያልፉና "ዳይሱ ነው እንጂ እኔ አልተሸነፍኩም" ማለት ሲጀምሩ ግን ጊዜው አልፏል።

ሞኖፖሊ ላይ ግን አቋም አለኝ። ኤልዛቤት ማጊ የተባለች አሜሪካዊት በ1904 የፈጠራ መብት ያገኘችበት ጨዋታ ነው መነሻው። ዓላማዋ የመሬት ኪራይ ጥቂቶችን እያበለጸገ ብዙዎችን እንዴት እንደሚያደኸይ ማሳየት ነበር። በ1935 ፓርከር ብራዘርስ ሞኖፖሊ ብሎ ሲሸጠው ዓላማው ተገለበጠ፤ አሠራሩ ግን ቀረ። አንዱ እየከበረ ይሄዳል፣ ሌላው እየደኸየ። የከሰረ ሰው ይወጣል። ወጥቶም ሌሎቹ እስኪጨርሱ አንድ ሰዓት ሊጠብቅ ይችላል። አራት ሰው ለመጫወት ተቀምጦ ሁለቱ ስልካቸውን የሚነካኩበት ጨዋታ ለቤተሰብ ጨዋታ አይሆንም።

አንድ ነገር ግን ለሞኖፖሊ ልመስክርለት። ብዙ ሰው የሚጫወተው ከነተሳሳተ ሕጉ ነው። በመመሪያው መሠረት አንድ ሰው የረገጠውን ቦታ አልገዛም ካለ ቦታው ወዲያው ለሁሉም በጨረታ ይቀርባል። ቅጣትና ግብር የሚከፈለውም ለባንክ ነው እንጂ ሰሌዳው መሀል ተከማችቶ "ነፃ ማቆሚያ" ላይ ያረፈ ሰው አይወስደውም። እነዚህን ሁለቱን ብቻ ብታስተካክሉ ጨዋታው በብዙ ያጥራል። ሰሌዳው ቤት ካለ ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

ዘመናዊዎቹ ምን ቀየሩ?

ለውጡ በአብዛኛው የመጣው ከጀርመን ነው። እዚያ ከ1979 ጀምሮ "ሽፒል ዴስ ያሬስ" የሚባል የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ሽልማት በየዓመቱ ይሰጣል። ቤተሰብ እሁድ ከሰዓት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ የሚጫወትበት ባህል ያለበት አገር ነው። የጨዋታ ፈጣሪው ስም ሳጥኑ ላይ እንደ ደራሲ ስም ይጻፋል። በ1995 ሽልማቱን ያገኘው ካታን ነው። የፈጠረው ክላውስ ቶይበር የጥርስ ቴክኒሻን ነበር፤ በ2023 ነው ያረፈው። ዓለም ላይ ዘመናዊ የስልት ጨዋታ ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስታውሰው ይህንን ጨዋታ ነው።

ካታን እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ። እሱ ከገባችሁ የሌሎቹም አስተሳሰብ ይገባችኋል።

ሰሌዳው 19 ባለስድስት ጎን ቁርጥራጮች ተገጣጥመው የሚሠሩት ደሴት ነው። በየጨዋታው አቀማመጡ ይቀየራል። እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ነገር ያመርታል፦ እንጨት፣ ጡብ፣ ሱፍ፣ እህል ወይም ማዕድን። አንዱ ብቻ በረሃ ነው። በየቁራጩ ላይ ቁጥር ይቀመጣል። ሰው መንደሩን ቁርጥራጮቹ በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ይሠራል። ሁለት ዳይስ ይወረወራል፤ የወጣው ድምር የተጻፈበት ቁራጭ ያመርታል። አጠገቡ መንደር ያለው ሰው ሁሉ ይቀበላል፤ ዳይሱን የወረወረው ብቻ አይደለም። በዚህች አንዲት ሕግ ምክንያት የሌላ ሰው ተራ ላይም ዓይናችሁ ከሰሌዳው አይነሳም።

አሁን ሒሳቡ ይመጣል። ሁለት ዳይስ 36 ዓይነት አወጣጥ አለው። ከእነዚህ 7 የሚሰጡት 6 ናቸው። 6 የሚሰጡት 5፣ 8 የሚሰጡትም 5 ናቸው። 2 ወይም 12 የሚሰጥ ግን አንድ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ 8 ላይ የሠራ ሰው 12 ላይ ከሠራው አምስት እጥፍ ያህል ያመርታል ተብሎ ይጠበቃል። 7 ሲወጣ ደግሞ ምንም አይመረትም፤ ሽፍታ የሚባለው ጠጠር ይንቀሳቀሳል። ከ7 ካርድ በላይ የያዘ ሰው ግማሹን ይጥላል። ዳይሱን የወረወረው ሰው ሽፍታውን የፈለገው ቁራጭ ላይ ያቆመዋል፤ ያ ቁራጭ ሽፍታው እስኪነሳ አያመርትም።

ልብ በሉ፤ እዚህም ዳይስ አለ፣ ሉዶም ላይ ዳይስ አለ። ልዩነቱ ዳይሱ የሚመጣበት ቦታ ላይ ነው። ሉዶ ላይ ዳይሱ ይመጣል፣ እናንተ ትታዘዛላችሁ። ካታን ላይ የትኛው ቁጥር አጠገብ እንደምትሠሩ አስቀድማችሁ መርጣችኋል፤ ዳይሱ ከሰጣችሁ በኋላም በተሰጣችሁ ምን እንደምትሠሩ እንደገና ትመርጣላችሁ። ዕድል አለ፣ ግን በሁለት ምርጫ መካከል ነው ያለው። ጀማሪ አንዳንዴ ያሸንፋል። ጎበዙ ግን በብዛት ያሸንፋል። የዘመናዊ ጨዋታ ሠሪዎች የሚደክሙት ይህን ሚዛን ለማግኘት ነው።

ቀጥሎ ንግዱ አለ። መንደር ለመሥራት አንድ እንጨት፣ አንድ ጡብ፣ አንድ ሱፍና አንድ እህል ይጠይቃል። ሁሉንም በራሱ የሚያመርት ሰው እምብዛም የለም። ስለዚህ መለዋወጥ ግድ ነው። ጠረጴዛው በአንድ ጊዜ መርካቶ ይሆናል። "ሁለት ሱፍ ልስጥህ፣ አንድ ጡብ ስጠኝ" ይባላል። መደራደር የሚያውቅ ሰው ቼዝ ባይችልም ካታን ላይ ያበራል። የቀደመ ሰው ሲታይ ደግሞ ሌሎቹ ንግድ ይከለክሉታል፣ ሽፍታውንም ወደ እሱ ይልካሉ። ማንም ከጨዋታ አይወጣም። አንድ ሰው 10 ነጥብ ሲሞላ ያበቃል።

ይህን ሁሉ ካመሰገንኩ በኋላ ካታንን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጀምር ቤት አልመክርም። መደበኛው ሳጥን ለ3 ወይም ለ4 ሰው ነው፤ ለባልና ሚስት ብቻ አይሆንም። መጀመሪያ መንደር ያስቀመጣችሁበት ቦታ መጥፎ ከሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ባዶ እጃችሁን ልትቀመጡ ትችላላችሁ። ጀማሪ ደግሞ መጥፎ ቦታ መምረጡን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። በዚያ ላይ ንግድ መከልከልን እንደ ጥላቻ የሚያይ ሰው ቤተሰብ ውስጥ አይጠፋም።

ለመጀመሪያው ቀን የምመርጠው ቲኬት ቱ ራይድን ነው። አላን ሙን የሠራው ሲሆን የ2004ን የጀርመን ሽልማት ወስዷል። ሰሌዳው ካርታ ነው። ከተሞችን በባቡር መስመር ማገናኘት ነው ሥራው። ተራችሁ ሲደርስ ከሦስት ነገር አንዱን ትመርጣላችሁ፦ ባለቀለም ካርዶች መሳብ፣ ካርድ ከፍሎ መስመር መያዝ፣ ወይም ተጨማሪ የጉዞ ትኬት መውሰድ። ትኬቱ ላይ ሁለት ከተሞች ተጽፈዋል። ካገናኛችኋቸው ነጥብ ታገኛላችሁ፤ ካቃታችሁ ያው ነጥብ ይቀነስባችኋል። ሌላው ሰው ትኬታችሁን አያይም።

ቀላል ይመስላል። ጭንቀቱ ያለው መቼ መስመሩን ልያዝ የሚለው ላይ ነው። ቶሎ ብትይዙ አካሄዳችሁ ይታወቃል። ብትዘገዩ ጠባቡን መስመር ሌላ ሰው ይቀድማችኋል። ነጥቡም እኩል አያድግም፤ ባለአንድ ባቡር መስመር 1 ነጥብ ነው፣ ባለሦስት 4፣ ባለስድስት 15። ስለዚህ ረጅሙን መጠበቅ ያጓጓል። ከ2 እስከ 5 ሰው ይጫወተዋል፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ሰዓት ያልቃል። የመጀመሪያው ሰሌዳ የአሜሪካ ካርታ ነው፤ ዋሽንግተን፣ ሲያትል፣ ዴንቨር፣ ዳላስ፣ አትላንታ ሁሉም አሉበት። ዘመዶቻችን የሚኖሩባቸውን ከተሞች እያገናኙ መጫወት ለልጆች የተለየ ስሜት አለው።

ማን ያነብበዋል?

እኛ ቤት ሲደርስ ክብደት ያለው፣ ግን የጨዋታ ገምጋሚዎች እምብዛም የማያነሱት ነገር አለ። እሱም ቋንቋ ነው። ዘመናዊ ጨዋታዎች በብዛት የሚደርሱን በእንግሊዝኛ ነው። እናት ወይም አያት የሚያነቡት አማርኛ ብቻ ከሆነ፣ ወይም አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ የተወለደው ልጅ አማርኛ ይሰማል ግን አያነብም ከሆነ፣ ካርዱ ላይ ያለው ጽሑፍ ጠረጴዛውን ለሁለት ይከፍለዋል። አንዱ ያነብባል፣ ሌላው "ምን ይላል?" እያለ ይጠይቃል። መጠየቁ ራሱ የያዙትን ካርድ ያጋልጣል።

በዚህ መለኪያ ጨዋታዎቹ በጣም ይለያያሉ። ዊንግስፓን የሚባለው፣ በ2019 ልምድ ላላቸው ተጫዋቾች የሚሰጠውን የጀርመን ሽልማት ያገኘው የወፎች ጨዋታ እጅግ ያምራል፤ ግን 170 የወፍ ካርዶች አሉት፣ ሁሉም የየራሳቸው ጽሑፍ አላቸው። ለእንዲህ ያለ ቤት አይሆንም። ካታን መሀል ላይ ነው። ጽሑፍ ያለባቸው ካርዶች 25 ናቸው፣ ከእነሱም 14ቱ አንድ ዓይነት የወታደር ካርድ ናቸው። አንድ ወረቀት ላይ በአማርኛ ጽፎ ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። ቲኬት ቱ ራይድ ላይ የከተማ ስም ብቻ ነው የሚነበበው፤ ትኬቱ ላይም ከተሞቹ በካርታ ተመልክተዋል።

ጭራሽ ጽሑፍ የማይፈልጉም አሉ። አዙል ባለቀለም ንጣፎችን እየመረጡ ግድግዳ የሚሞሉበት ነው፤ በ2018 ተሸልሟል። ከ2 እስከ 4 ሰው ይሆናል። ብሎከስ ደግሞ ከሁሉም ይቀልላል። ሰሌዳው 20 በ20 ነው። እያንዳንዱ ሰው የተለያየ ቅርጽ ያላቸው 21 ቁርጥራጮች አሉት። ሕጉ አንድ ነው ማለት ይቻላል፦ የምታስቀምጡት ቁራጭ የራሳችሁን ቀለም በማዕዘን ይንካ፣ በጎን አይንካ። ዳማ የሚወድ አዛውንት ይህን በሁለት ደቂቃ ይይዘዋል። ከዚያ ልጆቹን ይዘጋባቸዋል። ከድሮው ወደ አዲሱ ለመሻገር እኔ ብሎከስን የሚያህል አላውቅም።

ቤታችሁ ውስጥ ሽንፈት ወደ ኩርፊያ የሚሄድ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። ፓንደሚክ የሚባለው፣ ማት ሊኮክ በ2008 ያወጣው ጨዋታ ላይ ሁሉም በአንድ ወገን ሆነው ወረርሽኝን ይከላከላሉ። ሁሉም ያሸንፋሉ ወይም ሁሉም ይሸነፋሉ። አደጋው አንድ አዋቂ ሰው የሁሉንም ተራ ማዘዝ መጀመሩ ነው። ያንን ለመከላከል ተራው የደረሰው ሰው ካልጠየቀ ማንም ምክር አይስጥ የሚል ደንብ አስቀድማችሁ አውጡ።

ታዲያ የትኛውን?

የምትጫወቱት ሁለት ሰው ሆናችሁ፣ በሳምንት ብዙ ጊዜ ከተገናኛችሁ፣ ገንዘብ አታውጡ። ዳማ፣ ቼዝ ወይም ገበጣ ይበቃችኋል። ካርቶንና ቆርኪ ካለ ዳማ አለ። አንድ ቆርኪ ቢጠፋ ሌላ ይተካል። ዘመናዊ ሳጥን ውስጥ ግን ጥቂት ካርድ ከጠፋ ጨዋታው ይጎድላል። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ይህም ይታሰብ።

አራትና አምስት ሆናችሁ፣ ዕድሜያችሁ የተለያየ፣ የምትገናኙት በበዓልና በወር አንዴ ከሆነ ዘመናዊው ይሻላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በወር አንዴ የሚጫወት ሰው ዳማ ላይ የሚያድግበት ጊዜ የለውም፤ በየወሩ በዚያው ሰው ይሸነፋል። ቼዝ ለሁለት ሰው ብቻ ነው፣ ሌሎቹ ቆመው ያያሉ። ቲኬት ቱ ራይድ፣ አራት ከሆናችሁ ደግሞ ብሎከስ፣ ሁሉንም ያስቀምጣል፣ እስከ መጨረሻውም ያቆያል።

ዘመናዊውን ከመረጣችሁ የሚያበላሸው አንድ ነገር አለ። እሱም መመሪያውን ሰው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ መክፈት ነው። አንዱ ሲያነብብ ሌላው ቡና ሊያፈላ ይነሳል፤ ልጆቹ ይበታተናሉ፤ ሳጥኑ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል፣ እዚያው ይቀራል። ብዙ ጥሩ ጨዋታ ያበቃው እንዲህ ነው። አንድ ሰው አስቀድሞ ብቻውን ይማረው። ሳጥኑን ይክፈት፣ ቁርጥራጮቹን ይነካካ፣ ለሁለት ሰው አድርጎ ራሱን በራሱ ይግጠም። ሲያስተምር ደግሞ ከመጨረሻው ይጀምር። "የሚያሸንፈው እንዲህ ያደረገ ሰው ነው" ይበል። ከዚያ ተራ ሲደርስ የሚደረገውን ያሳይ። ብዙም የማይገጥሙ ሕጎችን ሲደርሱ ይንገር። የመጀመሪያውን ዙር ካርዱን ሁሉም ገልጦ ይጫወት፣ ነጥብም አይያዝ። አስተማሪው ያን ቀን ለማሸነፍ ባይሞክር ጥሩ ነው። ሁለተኛ ቀን ሰው የሚመለሰው መጀመሪያ ቀን ሞኝ እንደሆነ ካልተሰማው ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ሞክሩት። ካታንም ቲኬት ቱ ራይድም የስልክ አፕ አላቸው። ለብቻችሁ ከኮምፒውተሩ ጋር ሁለት ሦስት ጊዜ ተጫወቱ። ሕጉን በዚያው ትማራላችሁ፤ ቤተሰቡን የምታስተምሩትም እናንተ ትሆናላችሁ። ካታን አፑ ላይ ከሰለቻችሁ ግን ወዲያው አትጣሉት። ካታን ያለ ድርድር፣ ያለ ሰው ፊት፣ ግማሹ የለም። ቲኬት ቱ ራይድ አፕ ላይ ካልጣማችሁ ግን ሳጥኑም ላይጥማችሁ ይችላልና አትግዙት።